ለልስላሴ የጫንኩት አሸዋ

መኪናዋ የጫነችውን ሰው ትመታ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። ሹፌሯ እኔ ነበርኩ። ባለቤቷ ደብረ ታቦር ውስጥ እህልና ቆርቆሮ የሚነግድ ሰው ነው፤ አሁን ይህን ስጽፍም ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ ይሆናል።

አሮጌ ሀርድቶፕ ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ። በጊዜዋ ደህና መኪና ነበረች ይላሉ። እሱ እጅ ስትገባ ግን ከፍ ትበልልኝ አለ። የራሷን ባሌስትራ፣ ከሥር የሚሸከማትን ድርብርብ የብረት ቅጠል፣ አስፈታና ከጭነት መኪና የወለቀ ወፍራም ባሌስትራ አስገባባት። አልበቃውም፤ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ጡብ የሚያህል ብረት ጨመረበት። ጎማዋንም በትልቅ ቀየረው። ወንዝ ለመሻገር፣ የጉናን ጭቃ ለማለፍ ነው ይል ነበር። ውሸቱን ነው። አንድም ቀን ጉና ወጥቶ አያውቅም። ያማረው ከፍ ብሎ ተቀምጦ ገበያተኛውን ቁልቁል ማየት ነው።

ከፍታዋ የሚያምረው ከውጭ ለሚያያት ነው። ውስጧ የተቀመጠ ሰው አበሳውን ያያል። ትንሽ ድንጋይ ስትነካ እንደ ክፉ በቅሎ ትራገጣለች። ጣሪያዋ የስንቱን አናት እንደፈነከተ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ የገበያ ቀን ከእብናት ስመለስ አንዲት እናት ምላሳቸውን ነክሰው ደም በደም ሆነው ወረዱ። ልጃቸው ዱላውን አንሥቶ ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። እኔም በክሪክ ማዞሪያው ብረት ክንዱን አልኩት። እናትየው ደማቸውን እየተፉ መካከላችን ባይገቡ አንዳችን እዚያው እንቀር ነበር። ባለቤቱ ሲሰማ ሳቀ። "መኪናዋ ወንድ ናት" አለ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስል ነው፤ ጢም አውጥቼ፣ ሚስት አግብቼ። ስለዚህ አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ግን አልረሳም።

የባሰው ከገደል ወድቆ ጭኑ የተሰበረው ገበሬ ነው። ከጉና ሥር አምጥተው ጫኑልኝ። ከኋላ ከእሱ በቀር ምንም አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ባዶ ስትሆን ነው የምትብሰው። እስከ ወንዙ ድረስ ጮኸ። ከወንዙ ወዲህ ዝም አለ። እኔ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ እፎይ አልኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ጭኑ እንደ አቁማዳ ተነፍቶ አገኙት። የተሰበረው አጥንት ውስጥ ለውስጥ የደም ሥሩን ቆርጦት ኖሯል። ሐኪሙ ጎማዋንና እኔን አየና "ንጠቱ ነው የገደለው" አለ። ወንድሞቹ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከመሪው ጎትተው አወረዱኝና ግቢው ውስጥ እንደ ጭቃ ረገጡኝ። ከፊት አንድ ጥርስ ያጣሁት እዚያ ነው። ባለቤቱን ማንም አልነካውም። መኪናዋን ያነሣት እሱ፣ የተረገጥኩት እኔ።

ድዴ ሲሽር ወደ ጋፋት መውጫ ካለው ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ሥሯ ገብቶ ቆየና ሲወጣ፣ የሚመታው ባሌስትራው ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ። ባለቤቱ መኪናዋን ከፍ ሲያስደርጋት አሞርዛተሩን፣ ያንን ንጠቱን የሚውጠውን ቱቦ፣ በድሮው ቁመቱ ትቶታል። አጭር ነው። ጎማው ጉድጓድ ሊገባ ወደ ታች ሲወርድ ቱቦው ተወጥሮ ያልቅበታል፤ ያን ጊዜ እንደ መዶሻ ይመታል። የብረቱ ጡብ ይውጣ፣ ከባሌስትራው ወፍራም ወፍራሙ ቅጠል ይቀነስ፣ ጎማው ትንሽ ይተንፍስ፣ ከኋላ ደግሞ የሚረጋ ክብደት ይኑራት አለኝ። ይህን ለባለቤቱ አደረስኩለት። "እሷን ዝቅ ታደርጋትና አንተን ከነጭራሹ አወርድሃለሁ" አለኝ። ተውኩት። ልጆች አሉኝ።

አንድ ጠዋት ከአገሬ ከጉና ሥር ስልክ ተደወለ። ታላቅ ወንድሜን በመጥረቢያ መትተው ጭኑን ሰብረውታል።

ለወንድሜ ጠበቃ አልቆምለትም። ድንበር ገፊ ነው። በየዓመቱ ሲያርስ አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ይገባል፤ ሲጠየቅ በሬው ነው ይላል። የአባታችንን መሬት ስንካፈልም በሬው እንደዚያው አድርጎኛል። እሱ መሬቱን ያዘ፣ እኔ መንገዱን ያዝኩ። የጎረቤቱ ልጅ ግን እንደ እኔ አልታገሠም። ወንድሜን ሞፈር እንደያዘ አገኘውና በመጥረቢያው ጀርባ ጭኑን አለው። ከወደቀ በኋላም አልተወውም፤ ደጋግሞ እዚያው ጭኑ ላይ። ከዚያ ጠፋ።

የጤና ኬላዋ ልጅ እግሩን በእንጨት አስራ፣ እንዳይናጥ፣ ከተናጠ ያልቃል ብላ አስጠንቅቃ ልካቸዋለች። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ጭን። በዚያችው መንገድ። በዚያችው መኪና። አምቡላንስ በዚያ ሰሞን ወደዚያ አይወጣም ነበር፤ መንገዱ ላይ መሣሪያ የያዘ በዝቷል። በቃሬዛ ተሸክመው ከተራራው እስከ መኪናው መንገድ ሊያወርዱት ቀትር ይሆናል። እስከ ቀትር ጊዜ አለኝ ማለት ነው።

ባለቤቱን አላስፈቀድኩም። በቀጥታ ጋራዥ አስገባኋትና ለመካኒኩ፣ ያንን ያልከውን ሁሉ አሁን አድርገው አልኩት። እሱ ሥሯ ገብቶ ዳዶውን ሲፈታ እኔ ከጎን ከሚሠራው ፎቅ አሸዋ ለምኜ በከረጢት ሞላሁ። የብረቱ ጡቦች ወጡ። ከየባሌስትራው ወፍራም ቅጠል ተመዘዘ። መኪናዋ ወገቧ ረገበ፣ እንደ ሰው መኪና ሆነች።

የመጨረሻውን ከረጢት ጭኜ የወለቀውን የብረት ጡብ ከመሬት ሳነሣ ባለቤቱ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ከተማው ትንሽ ነው። በሩ ላይ ቆሞ መኪናውን አየ፤ ከዚያ ጡቡን እጄ ላይ አየ።

"በግ አደረግሃት" አለ።

የወንድሜን ነገር ነገርኩት። ወንድምህ በአምቡላንስ ይምጣ አለኝ። እንደማይወጣ እሱም ያውቃል። ቁልፉን ከሌላው እጄ ነጠቀና በጥፊ መታኝ፤ ጥርሴ በጎደለበት በኩል። ያኔ ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆነልኝ። ደረቱን ገፍቼ ግድግዳው ላይ አጣበቅሁትና ጆሮው አጠገብ ብሎኬቱን በብረቱ ጡብ አፈረስኩት። አቧራው ፊቱን ሞላው።

"ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አልኩት። "የሚቀጥለው ግድግዳ አይደለም።"

ሰጠኝ። መካኒኩ ዳዶውን ማጥበቁን አላቋረጠም። ከሥሯ ሆኖ "ጎማውን ማስተንፈስ እንዳትረሳ" አለ።

መንገዱ ዳር ስደርስ ቃሬዛው ገና ከዳገቱ እየወረደ ነበር። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲወድቅ ከየቤቱ ትከሻ ይዋጣል። ተጣልቻለሁ፣ አልነጋገርም፣ ደም አለን የሚባል ነገር የለም። ትከሻውን የነሣ ሰው እሳት አይጭርም፣ ሲሞትም የሚቀብረው የለም። ስለዚህ ከተሸካሚዎቹ መካከል በቀኝ በእግሩ በኩል ማን እንዳለ ሳይ መደንገጥ አልነበረብኝም። የመቺው አባት ነበሩ። ጋቢያቸው በወንድሜ ደም ረጥቧል።

የክሪኩን ብረት ከወንበር ሥር መዘዝኩ። ወደሳቸው ስሄድ የቃሬዛው ዳኛ፣ ከፊት ይዘው ተሸካሚዎቹን የሚመሩት አዛውንት፣ ሳይቆሙ ተናገሩኝ።

"ቃሬዛ የያዘ ሰው አይነካም። ሲያስቀምጥ ያንተ ነው።"

"ልጅዎ የት ነው?" አልኩ አባትየውን።

"የት እንዳለ ባውቅ እኔው ነበርኩ የምሰብረው" አሉ። ዓይናቸው ከቃሬዛው አልተነሣም። እኔም ብረቱን አላስቀመጥኩም፤ ከጎናቸው ከጎናቸው ሄድኩ።

ቃሬዛውን አሸዋው ላይ አጋደምነው። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አራቱ ማዕዘኖች፣ ማለትም ዋናዎቹ ተሸካሚዎች፣ አብረው ገቡ። ቃሬዛ የወጣበት ቀበሌ መመለስ አለበት፤ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ሁለቱ ከእኔ ጋር ከፊት፣ ዳኛውና አባትየው ከኋላ ጥግ ጥጉን ያዙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋ አልመታችም። ድንጋዩን ስትወጣ ትሰግዳለች፣ ስትወርድ ትተነፍሳለች። እኔ ራሴ መሪው ላይ ሆኜ አላመንኩም። ወንድሜ ከኋላ አቃሰተና፣ ሰው ትገድላለች የተባለችው ይህቺ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። ዛሬ አትገድልም አልኩት። ጀርባውን የሚቀዘቅዘው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አሸዋ ነው አልኩት።

"ሳልሞት ቀበርከኝ በለኛ" አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። አባትየውም ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና ማን ላይ እንደሚስቁ ሲያስታውሱ ዘጉት።

ከወንዙ በፊት ድንጋይ ደርድረው መንገድ የዘጉ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። የማን ሰዎች እንደሆኑ አልጽፍም። ዛሬ እነዚህ፣ ነገ እነዚያ ናቸው፤ የጠመንጃው ሰደፍ አንድ ነው። በሽተኛ ነው አልን። አዩት። ከሥሩ ያለውን ከረጢትም አዩ። አንዱ በሳንጃ ቀደደውና የፈሰሰውን በእጁ ዘገነ።

"ምንድን ነው?"

"አሸዋ።"

"ከተራራ ወደ ከተማ አሸዋ የሚጭነው ማን ነው? ለምንድን ነው?"

"ለልስላሴ" አልኩ።

እውነቱ ይኸው ነበር። የቀለድኩበት መሰለው። በሰደፉ አፌን አለኝ፤ ስወድቅ ሌላው በጫማው ጎኔን። ምሽግ ልትሠሩበት ነው፣ ውስጡ ጥይት አለ፣ እያሉ ከረጢቱን አንድ በአንድ ወጉት። ከወንድሜ ሥር ያለውን ለማውጣት ቃሬዛውን ጎተቱት፤ ወንድሜ ጮኸ። አንዱ ጎረምሳ፣ የታሰረው እንጨት ውስጥ የደበቀው ነገር እንዳለ ሊያይ፣ በአፈሙዙ ጭኑን ተጫነው። ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። አባትየው አፈሙዙን በእጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው መለሱት፤ ቀስ አድርገው፣ የጥጃ ገመድ እንደሚይዝ ሰው። ጎረምሳው ጠመንጃውን አስለቅቆ ግንባራቸውን በሰደፉ መታቸው። ተቀመጡ። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

ጥይት ሲያጡ አሸዋውን አልመለሱልንም። ከረጢቱን በትከሻችን አሸክመው በድንጋዩ አጥር ላይ አስደረደሩን። ምሽግ ልትሠሩ ነው ብለው የደበደቡንን አሸዋ ለራሳቸው ምሽግ አደረጉት። ከዚያ ሂዱ አሉን።

ገና ከመነሣቴ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ መኪናዋ ተራገጠች። የተመዘዘው ቅጠል ብቻውን አልበቃም፤ የቀረው ባሌስትራ አሁንም የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው፣ ከኋላ ካልከበዳት አትታጠፍም። ወንድሜ ጮኸ። ጩኸቱን አወቅሁት። ያኛው ገበሬም እንደዚህ ነበር የጮኸው፣ እዚሁ፣ ወንዙ ሳይደርስ። አቆምኩ።

ወርጄ ድንጋይ ልጭን አጎነበስኩ። ድንጋይ ግን አይረጋም፤ ይዘላል፣ ሰው ይፈጫል። አሸዋውን ላምጣ ብል ጠመንጃው አለ። የማደርገው ጠፋኝና መኪናዋን በርግጫ መታኋት። እንዲህ ስሆን ነው ዳኛው የተናገሩት።

"እኛስ ምን ልንሆን ነው የመጣነው? ክብደት አይደለንም?"

አራቱም ከኋላ ገቡ። ወለሉ ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ቃሬዛውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ እያንዳንዱ ከተራራው ሲሸከም የመጣውን ማዕዘን ያዘ። የተሰበረው እግር ያረፈው አባትየው ጭን ላይ ነው። ማዕዘናቸው እሱ ነበር።

ነዳሁ። መኪናዋ ስትመታ አሁን የምትመታው እነሱን ነው። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ድንጋይ ስንነካ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፣ ከወገባቸው ይታጠፋሉ፣ ቃሬዛው ግን እጃቸው ላይ እንደ ውኃ ዕቃ ሳይደፋ ይቆያል። የአባትየው ግንባር ይደማል፤ እጃቸው ስለተያዘ መጥረግ አልቻሉም። ወንዙ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ወንድሜ ዝም አለ።

ዝም ሲል አብጄ ነበር።

"አያ፣ ዝም እንዳትል" አልኩት። "ስደበኝ።"

ጀመረ። ሌባ ሹፌር አለኝ። ከጎጆ የኮበለልክ፣ የአባትህን በሬ የማታውቅ፣ ከተማ ገብተህ በእርጅናህ ሀሁ የቆጠርክ አለኝ። እሱስ እውነት ነው፣ ጨምር አልኩት። መሬቱንም ያልሰጠሁህ ሰነፍ ስለሆንክ ነው አለ። ጨምር አልኩት። የእኔ ስድብ ሲያልቅበት ወደ አባትየው ዞረ። ጭናቸው ላይ ተኝቶ ዘራቸውን አንድ በአንድ አወረደው፤ አያታቸውን፣ የአያታቸውን በሬ፣ ልጃቸውን፣ ያ ልጅ የተወለደባትን ሌሊት። የአባትየው መልስ አንድ ነበር።

"እሺ" ይላሉ። መኪናዋ ትመታቸዋለች፣ ይታጠፋሉ፣ "እሺ" ይላሉ።

እየሰደበ ደብረ ታቦር ገባ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሦስቱ ወረዱ። አባትየው ሊነሡ ሞከሩና እግራቸው አልታዘዘም። ጭናቸው ከላይ በቃሬዛው እንጨት፣ ከታች በመኪናዋ ብረት ተፈጭቷል፤ በኋላ ሱሪያቸውን ሲገልጡት እንደ ጠጅ ጋን ጠቁሮ ነበር። ማዕዘናቸውን እኔ ያዝኩላቸው። ቃሬዛውን ስናነሣ ወንድሜ ቆዩ አለ። ወደ ልጁ አባት ዞረ። ላቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

"ልጅዎን ግን እገድለዋለሁ" አላቸው። በአንቱታ።

"አውቃለሁ" አሉ አባትየው ከመኪናዋ ወለል። "መጀመሪያ ቁም።"

የደም ሥሩ አልተቆረጠም። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለትና እግሩ ተረፈ፤ ትንሽ ያጠረ ቢሆንም። ባለቤቱ መኪናዋን ተረክቦ እኔን አባረረኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከሰሰኝ፤ ስላስፈራራሁት ሳይሆን መኪናውን ዝቅ ስላደረግሁ። ጡቦቹን መልሶ አስገባቸው። አሁን ሌላ ሹፌር ይነዳታል። በሠፈሬ ስታልፍ አሞርዛተሯ ሲመታ ቤቴ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ውስጧ ማን እንዳለ ሳስብ ጎኔን ያመኛል።

የመጥረቢያው ልጅ እስከዛሬ አልተመለሰም። ወንድሜ መጀመሪያ በሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያ በአንድ መሄድ ጀመረ። ባለፈው ለመጠየቅ ስሄድ ያለ ምርኩዝ ከቤቱ ወጥቶ፣ እያነከሰ፣ እስከ ድንበሩ ሄዶ ቆመ። መጀመሪያ ቁም ያሉት የልጁ አባት ከማዶ ማሳቸው ላይ ነበሩ። ሥራቸውን አቁመው እርምጃውን ሲከተሉ አየኋቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሰላም አልተባባሉም። እሳቸው መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩና፣ እሳቸውም እያነከሱ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።